የማትሸጠው ፍየል

ባሌ ቨርሊን መኪናውን በየዓመቱ ለሽያጭ ያወጣታል፤ በየዓመቱም ሳይሸጣት ወደ ጋራዧ ይመልሳታል። በከተማችን ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የተወለደ ወይም ትናንት የገባ ሰው ብቻ ነው።

በረዶው ቀልጦ፣ የሚያዝያ ዝናብ መንገድ ላይ የተበተነውን ጨው አጥቦ እስኪጨርስ ድረስ ቢሞት አያወጣትም። ጨው የድሮ መኪናን ሆድ ከሥር እንደ ምስጥ ይበላል። ዝናቡ ሲያባራ ግን የጋራዡን በር ይከፍትና ከቤታችን ፊት ያለው ሣር ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙሮ ያቆማታል። መስታወቷ ላይ «ይሸጣል» የሚል ካርቶን ይለጥፋል። ከዚያ ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ አጠገቧ ይቀመጣል። እስከ ጥቅምት ድረስ ሥራው ይኸው ነው።

መኪናዋ የ1969 ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር፣ ስትነሳ የጎረቤት ሳህን የምታንቀጠቅጥ። አገሩ ሁሉ ይህን ዓይነቱን መኪና «ፍየል» ብሎ ይጠራዋል፤ ቨርሊን ግን በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ያለች ይመስል «ፍየሏ» ይላታል። በተጋባን በዓመቱ፣ የመኪና ወንበር በሚሠራው ፋብሪካ ተቀጥሮ ሳለ ገዛት። ቤቱን የገዛነው ከእሷ በኋላ ነው። ልጆቹም የመጡት ከእሷ በኋላ ነው። ይህን በቅሬታ አይደለም የማወራው፤ በፍየሏ መቅናት ከተውኩ ቆይቷል። ቢያንስ ለሰው እንደዚያ እላለሁ።

ካርቶኑ ደግሞ የመሸጫ ሳይሆን የሰው ማጥመጃ ነው። መንገደኛው ያይና ይቆማል። «ስንት ነው?» ይላል። ቨርሊን ቤት የሚገዛ ዋጋ ይጠራል። ሰውዬው ያፏጫል። «ትነሳለች?» ይላል ቀጥሎ። ይሄኔ አለቀለት።

«ትነሳለች ወይ? ና እስቲ ወዲህ!» ይላል ቨርሊን፤ ኮፈኗን ይከፍታል። ሰውዬው አይስክሬም ሊገዛ የወጣ ነበር፤ ሚስቱ መኪና ውስጥ ሆና ክላክስ ትነፋለች፣ አይስክሬም የሚባል ነገር ተረስቷል። አንድ ጊዜ ከኦሃዮ የመጣ ሰው ቤት የሚገዛውን ዋጋ ሰምቶ «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» ቢለው፣ ቨርሊን ፊቱ ነጭ ሆነ። «ሚስቴን ላማክር» ብሎ ወደ ቤት ገባና መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ተቀመጠ። ወጥቼ «ባለቤቴን አሞታል፣ ሌላ ጊዜ ይመለሱ» ያልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኩን አማክሮኝ የማያውቅ ሰው!

ቢሆንም ዝም አልኩት። ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ጓደኞቹም ግማሾቹ ወደ ሞቃት አገር፣ ግማሾቹ ወደ መቃብር ከሄዱ ወዲህ፣ ያቺ ወንበርና ያቺ ካርቶን ባይኖሩ ቨርሊን ግድግዳ እያየ ያልቅ ነበር። ሰው ይወዳል፤ ግን ሰው ቤት ሄዶ «አጫውቱኝ» ማለት ሞቱ ነው። ፍየሏ ሰዉን ታመጣለታለች።

ባለፈው ጥቅምት ግን ናዲን በጓሮ በር መጣች። ናዲን ትምህርት ቤቱ ጋ ልጆች የምታሻግር ጎረቤታችን ናት። ብርቱካናማ ሰደሪያዋ በጭቃ ተለውሷል።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

«አልገባም። አልቀመጥም። ባልሽ ዛሬ ሊገድለኝ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«መሃል መንገድ ላይ ነኝ፣ ምልክቴን አንስቻለሁ። በዚያች ፍየሉ ቀስ ብሎ መጣ። ይቆማል ብዬ ጠበቅኩት፤ አልቆመም። ቦይ ውስጥ ነው ዘልዬ የገባሁት። እያየኝ እኮ ነው የመጣው፣ ኦማ! ፊት ለፊት እያየኝ!»

«እሱ አላየሽም» አልኳት። ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ናዲን ትክ ብላ አየችኝ። ቁጣዋ በረደ፤ ያ ደግሞ ከቁጣዋ የባሰ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ጭቃውን ከሰደሪያዋ ልጠርግላት እጄን ሰደድኩ። «ለማንም አልናገርም» አለች በመጨረሻ። «ግን በረዶው ሲሄድ እሱን ከዚያች መኪና መሪ ጀርባ ካየሁት፣ ጎረቤትነታችን ይቅርብኝ፣ እናገራለሁ። የማሻግረው የሰው ልጅ ነው።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ልክ ናት።

የቨርሊን ዓይን መሃል መሃሉ እየሞተ ነው። ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ግን ጭስ ነው። የመንገዱን ጠርዝ ነጩን መስመር በዓይኑ ጥግ እየያዘ ነው የሚነዳው። ሰውን በድምፁ ነው የሚለየው። ፒክአፑን «አንቺ ንጂ፣ ወገቤን ያመኛል» ብሎ ከተወልኝ ቆይቷል። የፍየሏ ጊዜ ግን ወገቡ ይድናል። «ይህን መንገድ ጉልበቴ ያውቀዋል» ይለኛል።

ለምን ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። የቨርሊን አባት ኬንታኪ ውስጥ በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሲሠራ ፍንዳታ ዓይኑን ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጨረሰ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ምስኪን!» ይለዋል፤ ሰላም የሚለው ግን የለም። ቨርሊን ያንን እያየ ነው ያደገ። እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ፣ አይቻለሁ። ያንን «ምስኪን» የሚል ድምፅ ባሌ ላይ የማመጣ እኔ አልሆንም።

ስለዚህ በረዶው መስኮቱን ሲሸፍን አንድ ነገር ቆረጥኩ። ፍየሏ ዘንድሮ ትሸጣለች፤ ቨርሊንም በሰው ፊት አይዋረድም። አንዱን ከአንዱ አላማርጥም፤ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

መጀመሪያ ለራሱ ነገርኩት። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እየበላን ነበር።

«ዘንድሮ ፍየሏን የምር እንሽጣት» አልኩት።

«እንሽጣት እንጂ! ካርቶኑስ ምን ይላል?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ቨርሊን፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ? ገዢ አምጪ፣ እሸጣለሁ።»

ቁልፉን እንዳልደብቅ ከአንገቱ አይወርድም። አንድ ቀን ጋራዥ ገብቼ ከሞተሯ አንድ ሽቦ ነቀልኩ። ቁርስ ሳይበላ በዳበሳ አግኝቶ ሰካው፤ ጭራሽ «አይጥ ገብታለች» ብሎ ወጥመድ አስገዛኝ።

ገዢ አምጪ ካልከኝስ አመጣለሁ አልኩና፣ ዶይል ፕራተር ሆት ዶግ ቤት ሄድኩ። በረዶ ይዝነብ ጨው ይበተን፣ የከተማው የድሮ መኪና ወዳጆች አርብ አርብ ከዚያ አይጠፉም። መኪናቸውን ማውጣት ባይችሉም ስለመኪናቸው ያወራሉ። ዶይል ራሱ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ሽንኩርት ይከትፋል።

«የቨርሊን መኪና ለሽያጭ ናት» አልኩ ጮክ ብዬ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ኦማ፣ ይሄን ወሬ እኮ ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው የሰማሁት!» አለ አንዱ።

«የምሬን ነው።»

«ቨርሊን ፍየሏን ከሚሸጥ አንቺን ይሸጥሻል!» አለ ዶይል። ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እውነት መሰለኝ።

ዶይል እንባውን በሽንኩርት እጁ ጠርጎ የባሰ እያለቀሰ «ቆይ፣ ምን ሆኖ ነው የሚሸጣት? አሞታል እንዴ?» አለኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንድ ቃል ብናገር ያምኑኛል። ያቺ ቃል ግን የምትወጣ አይደለችም።

«ምንም አልሆነም» አልኩ።

«እንግዲያስ ተዪን! ሆት ዶግሽን ብዪና ሂጂ።»

የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አወጣችልኝ። ዋጋውን ሰው የሚችለው አደረግኩት። ይሄ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የፍየሏን ዋጋ ወርዶ ያዩት የከተማችን ሰዎች «ሞተሯ ተሰንጥቋል ማለት ነው» ብለው አወሩ። ዶይል ለቀብሯ አበባ ልላክ ወይ ብሎ ደወለ። እኔ የምለው ሌላ፣ እነሱ የሚሉት ሌላ፤ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ሃያ ምናምን በጋ ሙሉ ውሸት የተናገረ ካርቶን አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ይመነው?

ሚያዝያ ገባ፤ ዘነበ። ቨርሊን ፍየሏን አውጥቶ ሣሩ ላይ አቆማት። ካርቶኑን ለጥፎ ተቀመጠ። ናዲን ስታልፍ እርምጃዋን ቀንሳ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ እኔን። አንገቴን ነቀነቅኩላት፤ ምን እንደምላት ግን አላውቅም ነበር።

ሬኒታ የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው። ኢንክስተር የምትባል ከተማ የምትኖር፣ የከተማ አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። በከተማችን ቀልድ ያልተመረዘች የመጀመሪያዋ ገዢ።

«እናቴ፣ ሽያጩ የምር ነው?» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹን ጠግቤያለሁ። አንዱ ጋ ሄድኩ፣ የሠርጉን ፎቶ አሳይቶ ሸኘኝ። ሌላው ጋ ሄድኩ፣ ምሳ አብልቶ ሸኘኝ። እኔ መኪና ነው የምፈልገው።»

«የኔውም እንደነሱ ነው» አልኳት። «ግን እኔ አለሁ። ቅዳሜ ነይ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች። ቨርሊን አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ በዓይኑ ጥግ ቁመቷን ለካ። ሳትጠይቀው ሣሩ ላይ ተንበርክካ የመኪናዋን ሆድ ስታይ ደስታው አልቻለውም።

«ዝገት ፈልጊ፣ ልጄ! ካገኘሽ በነፃ ውሰጃት!»

«እንዳይጸጸቱ!»

ሞተሯን አስነሳላት። ሳህኖቼ ኩሽና ውስጥ ተንቀጠቀጡ። ሬኒታ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች፤ እንደምትፈልጋት ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻለችም። ከዚያ «ስንት ነው?» አለች።

ቨርሊን ቤት የሚገዛውን ዋጋ ጠራ። ሬኒታ አላፏጨችም።

«ማስታወቂያው ላይ ያየሁት እንደዚህ አይልም» አለች።

«የምን ማስታወቂያ?»

«እኔ ያወጣሁት» አልኩ።

ቨርሊን ሞተሩን አጠፋ። ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «አንቺ አሮጊት፣ ልትሸጪብኝ ነው?»

«ገዢ አምጪ አልከኝ፤ አመጣሁ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ሳቀ። «እሺ! እንግዲያ የምትገዛውን ትየዋ! ግቢ ልጄ፣ በዚያኛው በር ግቢ።»

ይሄን ነበር የፈራሁት። በነዚህ ሰዎች ዘንድ ሕግ ነው፤ ገዢ መሪ ከመያዙ በፊት ባለቤቱ ራሱ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ለቅቆ ያሳየዋል። ያላሳየ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል።

«ወገብህስ?» አልኩት።

«ድኗል!» ብሎ ገባ። ሬኒታም ገባች።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ብልህ ሴት አታደርገውም። ከበረንዳው ወርጄ በመኪናዋ ጎን አልፌ፣ ፊት ለፊቷ ሣሩ ላይ ቆምኩ። እጄን ብዘረጋ ኮፈኗን እነካለሁ። ካርቶኑ ተነስቷል፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ ቨርሊን ፊቱ ወደ እኔ፣ ዓይኖቹም ወደ እኔ ናቸው። ሬኒታ አየችኝና ፈገግ አለች፤ ልሸኛቸው የቆምኩ መስሏት ነው። ሞተሩ ተነሳ። ካየኝ ይስቃል፣ «ዞር በይ አንቺ» ይላል፤ እኔም ተሸንፌ ዞር እላለሁ። እንዲያየኝ ለመንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የለመንኩት ነገር የለም።

ቨርሊን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላው፣ ወደ በረንዳው ጮኸ። «ኦማ! ባልዲውን አዘጋጂልኝ፣ ስንመለስ አጥባታለሁ!»

ከዚያ አንገቱን መልሶ፣ ፊት ለፊት እያየኝ፣ ማርሽ አስገባ።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። «ሰው አለ!» ብላ ሬኒታ ጮኸች። «አባቴ፣ ሴትዮዋ! ሴትዮዋ ፊትዎ ናት!» ፍየሏ ተንዘፍዝፋ ቆመች፤ ሞተሯ ጠፋ። የፊት መከላከያዋ ጉልበቴን ነክቶኛል። ቀዝቃዛ ነበር።

ቨርሊን በሩን ከፍቶ ወረደ። እጁን በመኪናዋ ጎን ላይ እየጎተተ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምረሽ ነው እዚህ ያለሽው?»

«ሞተሩን ሳታስነሳ።»

እጁ ትከሻዬን አገኘ፤ ከዚያ ፊቴን።  ያኔ ቁጣዬ መጣ፣ የበረዶው ወራት ሁሉ ቁጣ።

«ናዲንም እንዲሁ ፊትህ ቆማ ነበር» አልኩት። «ጥቅምት ላይ። ቦይ ውስጥ ዘልላ ነው የተረፈችው።»

ኮፈኗ ላይ ተደገፈ።  «ልጆቹስ?» አለ።

«ዳር ላይ ነበሩ። ገና አልተሻገሩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አሰበ። ቨርሊን ግትር ነው እንጂ ውሸታም አይደለም፤ የካርቶኑ ነገር ካልተቆጠረ። «አላምንሽም ነበር» አለ። «አላየሁሽም፣ ኦማ። ሣሩን አየዋለሁ፣ የፖስታ ሳጥኑን አየዋለሁ። አንቺን አላየሁሽም።»

አንገቱን አቅፌው ቆምኩ። ሃምሳ ዓመት ከኖርኩት ሰው ጋር ሣር ላይ፣ ሰው እያየኝ።

ሬኒታ በወዲያኛው በኩል ወርዳ ቁልፏን ታፍተለትላለች። «እኔ... ሌላ ቀን ልምጣ?» አለች።

«የትም አትሄጂም!» አልናት ሁለታችንም አንድ ላይ።

ቨርሊን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ሕግ ሕግ ነው» አለ። «ባለቤቱ መጀመሪያ ያሳያል።» ወደ በሩ ተመልሶ ቁልፉን ነቅሎ ዘረጋልኝ፤ ትንሽ ወደ ግራዬ ዘረጋው፣ እኔ ወደ እጁ ሄድኩ። «ፍየሏ ሴት ትጥላለች» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ፒክአፑን፣ የጎረቤት ትራክተርን፣ ሁሉን ነድቻለሁ፤ የዚህችን መሪ ግን ነክቼ አላውቅም።

«ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው» አለኝ ስገባ።

«የአባቴን የትምባሆ ጭነት መኪና የነዳሁት ጡት ሳላወጣ ነው። ዝም ብለህ ግባ።»

ሬኒታ ከኋላ ተቀመጠች። በዶይል ሆት ዶግ ቤት ፊት አልፈን፣ ከከተማው ወጥተን፣ በአኩሪ አተር ማሳዎቹ መሃል ቀጥ ብሎ ወደሚሄደው መንገድ ደረስን። ማንም የለም። ቨርሊን ዓይኑን ጨፈነ።

«ልቀቂያት» አለ።

ለቀቅኳት። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ሞተሩ ጮኸ፤ ማርሽ ልቀይር እጄን ስሰድ «ገና!» አለ። «ገና... ገና... አሁን!» ቀየርኩ። «ገና... አሁን!» እኔ መንገዱን አያለሁ፣ እሱ ሞተሩን ይሰማል፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ጮኽኩ መሰለኝ። ሬኒታም ጮኻለች። ለካ ይሄ ነው! ስንት ዘመን ሙሉ የተቀየምኳት ምን እንደሆነች ሳላውቅ ነው። ደስ አለኝ፤ እየሸጥኳት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ከፋኝ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ፍጥነቷን ስቀንስ ቨርሊን «ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«መንገዱ። ባዶ ነው። ራቅ ብሎ አንድ ጎተራ አለ።»

«አይታየኝም» አለ ድምፁን ሳይቀንስ። «ልጄ፣ ሰምተሻል? ዓይኔ ጠፍቷል። መኪናዋ የሚደበቅ ነገር የላትም፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ» አለች ሬኒታ ከኋላ።

ስንመለስ ሬኒታ ነዳች። ቨርሊን አጠገቧ ተቀምጦ አዳመጠ፤ አንድም ጊዜ «ገና» አላላትም። ከሱ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም።

ቤት ስንደርስ ዶይል ከነሽርጡ ግቢያችን ቆሟል፤ ከኋላው ሆት ዶጋቸውን የያዙ ሰዎች። እኔን በፍየሏ መሪ ጀርባ ሲያዩኝ ሱቁን ጥለው ነው የመጡት።

«ቨርሊን ሞቷል ብለን ነው» አለ ዶይል። «ሳይሞት ቁልፉን አይሰጥሽም።»

«ሽጫታለሁ፣ በኦማ ዋጋ» አለ ቨርሊን።

«አዎ፣ አዎ፣ በየዓመቱ...»

«ዶይል። ሽጫታለሁ።»

ሊብሬውን አምጥቼ ኮፈኗ ላይ ዘረጋሁት። የሚፈርምበትን ቦታ በድብቅ ላመለክተው አሰብኩ፤ ብዕሩን ስሰጠው ክርኑን ቀስ ብዬ መራሁት። ሰዎቹ እንዳያውቁ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያንን ውርደት ልሸፍንለት እየታገልኩ ነበር። ቨርሊን ክርኑን ከእጄ አወጣ።

«ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀምጪልኝ» አለ፣ ሁሉም እስኪሰማው። «አይታየኝም።»

ጣቱን ይዤ አስቀመጥኩለት። ፈረመ። ስሙ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ፤ ግን ሙሉ ስሙ ነው።

 ያቺን «ምስኪን» የምትል ቃል ጠበቅኳት። ከየትኛው አፍ እንደምትወጣ ልይ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ የሚላት ካለ በእሱ ልለው ቆርጬ የመኪና ማጠቢያውን ባልዲ አንስቼ ነበር።

ዶይል እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ቆይ እስቲ» አለ። «አምና ባንኩ በር ላይ ሰላም ስልህ ዝም ብለኸኝ ያለፍከው ለዚህ ነው? ንቆኛል ብዬ እኮ በጋውን ሙሉ ተቀይሜህ ነበር!»

«እሱስ ንቄህም ነበር» አለ ቨርሊን።

ሳቁ ሲፈነዳ ባልዲውን አስቀመጥኩ። ሬኒታ ፍየሏን ይዛ ስትወጣ ቨርሊን ድምፅዋ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ እጁን አንስቶ ቆመ። ከዚያ ቤት ገብቶ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። አላፍርበትም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከባድ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሣሩ ላይ ፍየሏ የቆመችበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ቨርሊን ቁርሱን በልቶ ወጣ። ወንበሩን ቢጫው ሣር ላይ ዘረጋ። በመስኮት ሳየው ያቺን ካርቶን ከጋራዥ አምጥቶ ወንበሩ ክንድ ላይ አንጠለጠላት። ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ልቡም ጠፋ ብዬ ደነገጥኩ።

ናዲን በእግሯ አለፈች። «ናዲን ነኝ፣ ቨርሊን!» አለች ጮክ ብላ። «ሰላም ናዲን! ይቅርታ አድርጊልኝ!» አላት። «ሰደሪያ ትገዛልኛለህ!» ብላው ሄደች። ያን ቀን የጀመረችው እሷ ናት፤ አሁን ከተማው ሁሉ ቤታችን ሲቆም የራሱን ስም እየተናገረ ነው።

ቀጥሎ የዶይል መኪና ቆመ። መስኮቱን አወረደ።

«ዶይል ነኝ! ምንድነው ደግሞ የምትሸጠው?»

«ሚስቴን» አለ ቨርሊን።

«ስንት ነው?»

ቨርሊን ቤት የሚገዛ ዋጋ ጠራ። ከዚያ አሰብ አድርጎ በላዩ ላይ ሌላ ቤት ጨመረበት። ዶይል አፏጨ።

«ትነሳለች?» አለ።

«ትነሳለች ወይ?» አለ ቨርሊን፤ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ና እስቲ ወዲህ፣ ና ውረድ፣ ባለፈው ቅዳሜ በዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳደረገች ልንገርህ!»

ዶይል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እኔም ሁለት ወንበር ይዤ ወጣሁ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለኔ።